ባለ ጕትያው ፔንግዊን፤ መልኩ፥ ማደሪያውና አረባቡ

ፔንግዊን ማለት ክንፍ እያለው የማይበር፥ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ ምግቡንም ዅሉ ከባሕር የሚያወጣ ወፍ ነው። በኢትዮጵያ አገር ስለማይገኝ በሥዕል ካልኾነ በቀር ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ወሬውን የሰማውም ብዙውን ጊዜ በበረዶ ላይ ብቻ የሚኖር ይመስለዋል። ነገር ግን የፔንግዊን ወገን ብዙ ነው፤ ከወገኑም ዐያሌው በዕድሜው በረዶ ሳያይ የሚሞት ነው። ከዚህ በታች ነገሩ የሚተረከው ባለ ጕትያ ከሚባሉት ወገኖች አንዱ፥ ሊቃውንት የሰሜን ዓለት ዘላይ ብለው የሚጠሩት ነው።

ይህ ወፍ የተመረጠው ለጌጡ አይደለም። በአንድ ሩቅ ደሴት የሚኖሩ ገበሬዎች ከመቶ ዓመት በላይ ዕንቍላሉን ሲበሉ፥ ላባውን በትራስ ሞልተው ሲተኙበት፥ ኩሱንም ለድንች እርሻቸው ማዳበሪያ ሲያደርጉ ኖረዋል። እንግዲህ ወፉ ሲያንስ የገበሬዎቹ ኑሮ ዐብሮ ይነካል። የዱርና የውሃ ሀብት በግዛቱ ያለ ሹም ወይም ባለ ርስት ዅሉ፥ እነዚህ ሰዎች ከወፉ ጋራ እንዴት እንደ ኖሩና ምን እንደ ደረሰባቸው ቢያውቅ ይጠቀማል። ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ወሮቹ ግን በኢትዮጵያ ስማቸው ተጽፈዋል።

ስለ አገሩ

ትሪስታን ዳ ኩኛ የሚባሉት ደሴቶች በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ይገኛሉ። ከደቡብ አፍሪቃ ከተማ ከኬፕ ታውን እስከዚያ ድረስ 2,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለ መንገዱ በመርከብ ብቻ ነው፥ እርሱም ባሕሩ ደኅና ሲኾን አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ደሴቶቹን ፖርቱጋላዊው የመርከብ አለቃ ትሪስታኦ ዳ ኩኛ በ1506 አያቸው፤ በ1816 እንግሊዞች ወታደር አሰፈሩባቸው። ወታደሩ በሚቀጥለው ዓመት ሲነሣ ዊልያም ግላስ የሚባል የዐሥር አለቃ ከቤተ ሰቡ ጋራ እዚያው ቀረ፤ የዛሬው ሕዝብ መሠረትም እርሱና በኋላ የተጨመሩት ጥቂት ባሕረኞች ናቸው። ሕዝቡ ዅሉ ተደምሮ 250 አይሞላም።

ሰው የሚኖርበት ደሴት ትሪስታን ራሱ ነው፤ እርሱም 2,062 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። በ1961 እሳቱ ከመንደሩ አጠገብ ፈንድቶ ሕዝቡ ዅሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ በ1963 ግን አብዛኛው ተመለሰ። ከዚህ ደሴት ከዐርባ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ናይቲንጌልና ኢናክሰሲብል የሚባሉ ሁለት ደሴቶች አሉ፤ ወደ ደቡብ እጅግ ርቆ ደግሞ ጎፍ የሚባለው ይገኛል። በዓለም ላይ ካሉት የሰሜን ዓለት ዘላዮች እጅግ የሚበዙት በእነዚህ ደሴቶች ይራባሉ። የቀሩት በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በፈረንሳይ ግዛት በሚገኙት በአምስተርዳምና በቅዱስ ጳውሎስ ደሴቶች ናቸው። ከእነዚህ በቀር ወፉ የሚራባበት ሌላ ምድር የለም።

መልኩ

ዓለት ዘላዩ ከፔንግዊን ወገን ከትንንሾቹ ይቈጠራል። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ደኅና አውራ ዶሮ ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ክብደቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ከባሕር ጠግቦ ሲወጣ ይወፍራል፥ ጾሙን ሲጨርስ ይከሳል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን የተመዘነውን አይቶ የወገኑን ዅሉ ክብደት መናገር ያሳስታል።

ራሱ፥ ጕረሮውና ጀርባው ጥቁር ነው፤ ጀርባው በፀሓይ ሲታይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከደረቱ በታች ሆዱ ንጹሕ ነጭ ነው። ዐይኑ ቀይ፥ መንቍሩ አጭርና ወፍራም ኾኖ የብርቱካን መልክ ያለው፥ እግሩም ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው። ከመንቍሩ ሥር የሚነሣ ቀጭን ቢጫ መሥመር በዐይኑ ላይ እንደ ቅንድብ ይሄድና፥ ከዐይኑ ኋላ ሲደርስ ረዣዥም ቢጫ ላባ ኾኖ በግራና በቀኝ ይወርዳል። በአናቱ ላይም ጥቁር ላባ ይቆማል። ጕትያ የሚባለው ይህ ነው። በደቡብ በኩል የሚኖረው ዘመዱም ይህን የመሰለ ጕትያ አለው፤ ነገር ግን የሰሜኑ ረዝሞና በዝቶ ስለሚወርድ የለመደ ዐይን ከሩቅ ይለየዋል። ወንዱና ሴቲቱ በመልክ አንድ ናቸው፤ ወንዱ በጥቂት ይበልጣል፥ መንቍሩም ይወፍራል። ጫጩቱ ጕትያ የለውም፤ በመጀመሪያው ዓመት በዐይኑ ላይ የሚታየው የደበዘዘ መሥመር ብቻ ነው።

ክንፉ ሰፊ ላባ የለውም፤ ጠፍጣፋና ጠንካራ ኾኖ እንደ መቅዘፊያ ያገለግለዋል። አጥንቱም እንደሚበሩት ወፎች አጥንት ባዶና ቀላል ሳይኾን ድፍን ነው፤ ለበረራ ዕንቅፋት የኾነው ይህ ክብደት ለመጥለቅ ይረዳዋል። ላባው አጭርና እጅግ የጠቀጠቀ ነው፤ ጫፉ እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ ውሃ እንዳይገባ ያግዳል፥ ከሥሩ ያለው ልስላሴም ሙቀት ይይዛል። ይህን የላባ ነገር አንባቢው በልቡ ቢይዘው መልካም ነው፤ ወደ ኋላ ስለ ደረሰው ጥፋት ሲነገር ዋናው ምክንያት ይህ ኾኖ ይገኛልና።

የወፉ የሊቃውንት ስም የተሰየመው ሄንሪ ሞዝሊ በሚባል እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ሞዝሊ በ1873 ቻሌንጀር በተባለችው መርከብ ወደነዚህ ደሴቶች ደርሶ ወፎቹን አይቶ ነበር። በ1921 ማቲውስና አይሬዴል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ስሙን ሰጡት፤ ከዚያ በኋላ ግን የሰሜኑና የደቡቡ ለረጅም ዘመን እንደ አንድ ወገን ሲቈጠሩ ኖሩ። በ2006 የዘራቸው ምልክት ተመርምሮ ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው ተባለ። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ ይመስል ይኾናል፤ አይደለም። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሲቈጠሩ የደቡቡ ብዛት የሰሜኑን ማነስ ሸፍኖት ነበር። መዝገቡ ሲለይ የሰሜኑ ብዛት ሁለት መቶ ሺህ ጥንድ ገደማ ብቻ ኾኖ፥ ያም እየጐደለ የሚሄድ ኾኖ ተገኘ፤ ዛሬ ሊጠፉ ከሚያሰጉት እንስሳት መካከል ተጽፏል።

ማደሪያው

ዓለት ዘላዩ የሚያድርበት ምድር ለሰው እግር የማይመች ነው። ከባሕሩ ዳር ሻካራ ጥቁር ዓለት አለ፤ ከዓለቱ በላይ በደጋ አገር እንደሚበቅለው ጓሣ በጕብጕብ የሚበቅል፥ ነገር ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ይገኛል። ወፎቹ በዚህ ሣር ሥር በሺህ እየኾኑ ይሰፍራሉ። ሰፈሩ ውስጥ የገባ ሰው ከፊቱ ያለውን አያይም፤ የሚሰማው የወፎቹ ጩኸት ብቻ ነው፥ እግሩም በመንቍር ይነከሳል።

ከባሕር ሲመጣ ማዕበሉ ከዓለቱ ጋራ ያላትመዋል፤ ወፉ ግን በማዕበሉ ላይ ተንሳፎ፥ በጥፍሩና በመንቍሩ ዓለቱን ይይዝና ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሌላው ፔንግዊን እንደሚያደርገው እየተወዛወዘ አይሄድም፤ ሁለቱን እግሩን ገጥሞ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይዘላል። ዓለት ዘላይ የተባለው ስለዚህ ነው። መንገዱን አይለውጥም፤ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም በዚያው ይሄዳሉ። በፎክላንድ ደሴቶች የደቡቡ ዘመዱ በሚመላለስበት ስፍራ የጥፍሮቹ ጭረት በድንጋዩ ላይ እንደ ቦይ ተቀርጾ ይታያል።

ምግቡ በአብዛኛው እንደ ሽሪምፕ ያሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረቶች ናቸው፤ ትንንሽ ዓሣና ስኩዊድ የሚባለውን ባለ ብዙ እጅ የባሕር እንስሳም ይበላል።

አረባቡ

የደቡብ ምድር ክፍል የዓመቱ ወቅት ከሰሜኑ ክፍል ጋራ ተቃራኒ ስለ ኾነ፥ ለነዚህ ደሴቶች ሰኔና ሐምሌ የብርዱ ወራት ናቸው። ወፎቹ ብርዱን በባሕር ላይ ከረሙ በኋላ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ወደ ምድር ይመለሳሉ። ወንዶቹ ቀድመው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም ያለፈውን ዓመት ጎጆውን ፈልጎ ይይዛል። ጎጆ ቢባልም ሥራው እጅግ ቀላል ነው፤ በመሬት ላይ ያለ ጎድጓዳ ስፍራ ኾኖ ጥቂት ሣርና ጠጠር የተነጠፈበት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሴቶቹ ይመጣሉ፥ ብዙ ጊዜም ያለፈው ዓመት ባልና ሚስት እንደ ገና ይገናኛሉ። ሲገናኙ አንገታቸውን ዘርግተው፥ ጕትያቸውን እየናጡ፥ ወደ ላይና ወደ ታች እያሉ በአንድነት ይጮኻሉ። ጎረቤት የቀረበ እንደ ኾነ ደግሞ በመንቍርና በክንፍ ይደባደባሉ፤ ቁጣቸው ከቁመታቸው ጋራ የማይመጣጠን ነው።

በጳጕሜና በመስከረም መጀመሪያ ሴቲቱ ሁለት ዕንቍላል ትጥላለች። እዚህ ላይ ባለ ጕትያዎቹን ከሌላው ወፍ ዅሉ የሚለይ አንድ ነገር አለ። በዶሮም ኾነ በሌላው ወፍ ዘንድ ፊተኛው ዕንቍላል ከኋለኛው ቢተናነስ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዓለት ዘላይዋ ግን መጀመሪያ የምትጥለው ትንሽ ነው፤ ከአራትና ከዐምስት ቀን በኋላ የምትጥለው ሁለተኛው እጅግ ይበልጣል፥ ፊተኛው ከእርሱ በሩብ ወይም ከዚያ በላይ ያንሳል። ማካሮኒ በሚባለው በሌላው ባለ ጕትያ ዘንድ ልዩነቱ ከዚህ ይብሳል። ሁለተኛው እስኪጣል ድረስ መታቀፉ በደንብ አይጀመርም። ወላጁም ሁለቱን ሲታቀፍ ትንሹ ብዙ ጊዜ በፊት በኩል፥ ትልቁ ሙቀት በሚበዛበት በኋላ በኩል ይቀመጣል። ስለዚህ በኋላ የተጣለው ቀድሞ ወይም በዚያው ቀን ይፈለፈላል። ሁለቱም ቢፈለፈሉ እንኳ ከትልቁ የወጣው ጫጩት ምግቡን እየቀደመ ይወስዳል፥ ትንሹም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ወላጆቹ ሁለቱን ማሳደግ የሚችሉበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መታቀፉ ከ32 እስከ 34 ቀን ይፈጃል፤ ሥራውም በተራ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ዐሥር ቀን ያህል ሁለቱም ከጎጆው አይለዩም። ቀጥሎ ሴቲቱ ትታቀፋለች፥ ወንዱም ከነሐሴ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰምና ወደ ባሕር ይወርዳል። ጠግቦ ሲመለስ ተራውን ይረከባል፥ እርሷም ትሄዳለች። ጫጩቱ በጥቅምት ሲወጣ ወንዱ እንደ ገና ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይበላ ይጠብቀዋል፤ ሴቲቱ በየቀኑ ወደ ባሕር እየወረደች በሆዷ ይዛ የመጣችውን እያወጣች ታጐርሰዋለች። በዚህ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ በባሕር የጠፋ እንደ ኾነ ጫጩቱ አያድግም። አንዱ ወላጅ ብቻውን ሊጠብቅም ሊመግብም አይችልምና።

ጫጩቶቹ ጥቂት ሲጠነክሩ በአንድነት ተሰብስበው ይጠበቃሉ፤ ሁለቱም ወላጆች ለምግብ ይወርዳሉ፥ ሲመለሱም እያንዳንዱ በድምፅ ልጁን ለይቶ ይጠራል። ስኩዋ የሚባል ቡናማ ነጣቂ ወፍ ሰፈሩን እየዞረ ያልተጠበቀውን ዕንቍላልና ጫጩት ይወስዳል። በደሴቶቹ ብቻ የሚገኝ አንድ ትንሽ ወፍም የተሰነጠቀውን ዕንቍላል ሲያገኝ ይጠጣዋል። ከሁለት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፥ በታኅሣሥ፥ ጫጩቱ የሕፃንነት ላባውን ጥሎ ውሃ የማያስገባውን ይለብስና ማንም ሳያስተምረው ወደ ባሕር ይገባል። ራሱ ለመራባት ግን አራት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቈያል።

ወላጆቹ ልጃቸውን ከሰደዱ በኋላ ወደ ባሕር ወርደው ይወፍራሉ፥ ከዚያም ላባ ለመለወጥ ወደ ምድር ይመለሳሉ። ሌሎች ወፎች ላባቸውን ጥቂት በጥቂት ሲለውጡ ፔንግዊን ግን ዅሉን በአንድ ጊዜ ይጥላል። አዲሱ ላባ እስኪሞላ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ወደ ውሃ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ዅሉ ይጾማል። የካቲት አልፎ መጋቢት ሲጋመስ ወፉ አዲስ ልብስ ለብሶ፥ ነገር ግን ከስቶና ተርቦ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻም ምድር አይረግጥም።

ለሰው የሚሰጠው ጥቅም

የትሪስታን ሰዎች መሬታቸው የጋራ ነው። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለድንች የሚያርሰው ድርሻ አለው፤ ግጦሹ እንዳይጠፋና አንዱ ከሌላው እጅግ እንዳይበልጥ የከብቱ ቍጥር ለየቤተ ሰቡ የተወሰነ ነው። ዋናው እህላቸው ድንች ነው። ምድሩ እየተደጋገመ ሲታረስ ስለሚደክም ማዳበሪያ ይሻል፤ ለዚህም ከናይቲንጌል የወፍ ኩስ እየጫኑ ያመጡ ነበር። በእንጨት አጥንትና በሸራ በተሠሩ ረዣዥም ጀልባዎች ባሕሩን ይሻገራሉ፤ በመስከረም ለዕንቍላል፥ በሌላም ጊዜ ለኩስና ለሌሎች የባሕር ወፎች ስብ። ከቢጫው የጕትያ ላባም ምንጣፍ ይሠሩ ነበር፤ ለአንዱ ምንጣፍ የብዙ ወፍ ጕትያ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ጥቅሞች ኩሱን መውሰድ ወፉን አይጐዳም፤ ወፎቹ በባሕር ላይ ሳሉ የሚጫን እንደ ኾነ ማንንም አያስደነግጥም። ዕንቍላሉ ግን የተለየ ነው። ከዶሮ የተለማመደ ሰው ዕንቍላሉ ሲወሰድባት ሌላ ትጥላለች ብሎ ያስባል፤ ዶሮ እንዲያ ታደርጋለች። ዓለት ዘላይዋ ግን ልማዷ በዓመት ሁለት ብቻ መጣል ነው፤ ሁለቱ ከተወሰዱባት የዚያ ዓመት ርቢዋ ቀረ። ከሁለቱ አንዱ ለወትሮውም አያድግምና አንዱን መውሰድ ጕዳት የለውም የሚል ነገር አለ፤ በውስጡም ጥቂት እውነት ይገኛል። ነገር ግን ትንሹ ዕንቍላል መያዣ ነው፤ ትልቁ ሲሰነጠቅ ወይም ስኩዋ ሲወስደው የዓመቱ ልጅ የሚወጣው ከእርሱ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ጕዳቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ወፉ ብዙ ዓመት የሚኖር ስለ ኾነ ዕንቍላሉ ዐምስት ዓመት በተከታታይ ቢለቀም እንኳ ሽማግሌዎቹ በየነሐሴው ይመለሳሉ፤ ሰፈሩ እንደ ድሮው ሞልቶ ይታያል፤ የጐደለው የሚተኩት ልጆች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ማለቅ ሲጀምሩ ማነሱ በድንገት የመጣ ይመስላል። በትሪስታን ደሴት ራሱ የኾነው ይህን የመሰለ ነው። ከመንደሩ የቀረቡት ሰፈሮች በዕንቍላል ለቀማና ወፉን ለላባው በመግደል እያነሱ ሄዱ፤ ቀድሞ እጅግ ብዙ የነበረው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጥቂት ሺህ ኾኖ ቀረ። በኢናክሰሲብል ደግሞ ሰው የለቀቃቸው ዐሣማዎች ዕንቍላልና ጫጩት ይበሉ ነበር፤ እነርሱ በኋላ ጠፍተዋል።

ሰው በማይኖርበት በጎፍ የደረሰው ግን ዕንቍላል ለቃሚውን ብቻ መውቀስ እንደማይገባ ያሳያል። በዚያ ከ1950ዎቹ ወዲህ የወፉ ብዛት ከመቶ ከዘጠና እጅ በላይ ጐድሏል። የባሕሩ ሙቀትና የምግቡ መለዋወጥ፥ በርቢው ስፍራ የሚያጠፉት እንስሳትም ምክንያት ሳይኾኑ አይቀሩም ተብሎ ይመረመራል።

የፈቃድ ነገር

ሹማምንትን በተለይ የሚመለከት አንድ ምሳሌ ከሌላ ባለ ጕትያ ወገን ይገኛል። ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ ባለችው በማኳሪ ደሴት ሮያል የሚባለው ፔንግዊን በብዙ ሺህ ይራባል። ጆሴፍ ሃች የሚባል የኒው ዚላንድ ነጋዴ ከታስማኒያ መንግሥት ፈቃድ አውጥቶ፥ ከ1890 ገደማ ጀምሮ ወፎቹን በትልልቅ የእንፋሎት በርሜል እያፈላ ዘይታቸውን ይሸጥ ጀመር። ከአንዱ ወፍ የሚገኘው ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ ትርፉ በብዛት ካልኾነ አይገኝም ነበር። እንደ ሰር ዳግላስ ሞውሰን ያሉ የታወቁ ሰዎች ነገሩን በጋዜጣና በአደባባይ ተቃወሙ፤ ፈቃዱም በ1919 ሳይታደስ ቀረ። በ1933 ደሴቲቱ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ተባለች። በርሜሎቹ ዛሬ ዝገው በባሕሩ ዳር ቆመዋል፥ በአጠገባቸውም በመቶ ሺህዎች የሚቈጠር ጥንድ ይራባል። ወፉ ተመልሶ የበዛው የርቢው ስፍራ ሳይነካ ስለ ቆየና ፈቃዱ ቍጥሩ ከማለቁ በፊት ስለ ተከለከለ ነው፤ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ ቢኾን ኖሮ ነገሩ ሌላ ሊኾን ይችል ነበር።

ስለ መርከቢቱ አደጋ

በመጋቢት 7 ቀን 2011 ኦሊቫ የምትባል መርከብ ከብራዚል 65,000 ቶን አኵሪ አተር ጭና ወደ እስያ ስትሄድ በሌሊት ናይቲንጌል ደሴት ላይ ተጋጨች። ሃያ ሁለቱ ባሕረኞች በአጠገብ በነበሩ መርከቦች ዳኑ። መርከቢቱ በሁለት ቀን ውስጥ ለሁለት ተሰበረች፤ ለሞተሯ የጫነችው 1,500 ቶን ያህል ከባድ ነዳጅም በደሴቱ ዙሪያ ፈሰሰ።

ጊዜው ከዅሉ የከፋ ነበር። ወፎቹ ላባቸውን ለውጠው፥ ጾማቸውን ጨርሰው፥ ወደ ባሕር ሊወርዱ በሚቸኵሉበት ሳምንት ነው። የተራበ ወፍ ዘይት አየሁ ብሎ አይመለስም። ዘይቱ ላባውን ሲነካው ተደራርቦ የነበረው ይለያያል፥ ብርድና ውሃ ወደ ሥጋው ይገባል፤ ወፉም ሊያጸዳው በመንቍሩ ሲልሰው መርዙን ይውጣል።

የትሪስታን ሰዎች ከአገር ውጭ ርዳታ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ ቢጠብቁም የሚደርሰው በመርከብ ሳምንት ያህል ተጕዞ ነው። ከ3,700 የሚበልጡ በዘይት የተነከሩ ወፎችን በሣጥን እያደረጉ ወደ ትሪስታን አሻገሩ። ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረው አዳራሽ የወፎች ማደሪያ ኾነ፤ የመንደሩ መዋኛ ገንዳም የታጠቡት የሚለማመዱበት ተደረገ። ሕዝቡ ዓሣ እየቈረጠ በእጁ አጐረሳቸው። ከኬፕ ታውን በወፍ እጥበት የሠለጠኑ ሰዎች ሲደርሱ ሥራው በረታ። ነገር ግን ወፎቹ ከጾም ላይ ነበሩና፥ የዋጡትም ዘይት ብዙ ነበርና፥ አብዛኞቹ ሞቱ። በደኅና ወደ ባሕር የተመለሱት 400 አልሞሉም።

ከዘይቱ በተጨማሪ ሌላ ሥጋት ነበረ። በናይቲንጌል አይጥ የለም፤ በትሪስታን ግን በ1882 ከተሰበረች መርከብ የወጡ አይጦች እስከ ዛሬ አሉ፥ ብዙ የወፍ ወገንም አጥፍተዋል። ስለዚህ የደሴቱ ሰዎች ዘይቱን እየተዋጉ ሳሉ በተሰበረችው መርከብ አንጻር ወጥመድና መርዝ አኖሩ። ብዙ ሹም በእንዲህ ያለ ቀን የሚያየው በዐይኑ ፊት ያለውን ጥቁር ዘይት ብቻ ነው። አይጡን አስቀድሞ ማሰባቸው፥ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የደረሰባቸውን ስላልረሱ ነው።

ጭነቱም ሳይጐዳ አልቀረም። አኵሪ አተሩ በባሕር ውስጥ በስብሶ በናይቲንጌል ዙሪያ የሚገኘውን የሎብስተር ማጥመጃ አበላሸ፤ ሎብስተር ደግሞ የደሴቱ ዋና የገንዘብ ምንጭ ስለ ኾነ ማጥመዱ በዚያ ስፍራ ሲከለከል የሕዝቡ ገቢ ተነካ።

ከአደጋው በኋላ የፔንግዊን ዕንቍላል መልቀም ቆመ። ይህ ለደሴቱ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም፤ የመስከረሙ ጕዞ ከምግብ ይልቅ እንደ በዓል የሚቈጠር፥ አባት ልጁን ባሕር የሚያስለምድበት ነበርና። ኾኖም ክልከላው ከውጭ ብቻ የመጣ ስላልኾነ፥ ወፎቹን በእጃቸው ያጠቡት ሰዎች ራሳቸው ስለ ነበሩ፥ ያለ ብዙ ክርክር ተቀበሉት። በ2020 የትሪስታን መንግሥት 687,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚኾነውን የዙሪያውን ባሕር ከለለ፤ ከዚህም ከዘጠኝ ዐሥረኛ በላይ በኾነው ላይ ዓሣ ማጥመድና ማዕድን ማውጣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ለሕዝቡ የሎብስተር ማጥመጃ በደሴቶቹ አጠገብ ያለው ባሕር ተትቷል።

ቈጠራው የሚደረገው ወፎቹ ዕንቍላላቸውን በታቀፉበት ወራት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጎጆ ቢያንስ አንዱ ወላጅ የማይታጣው በዚያን ጊዜ ነውና። ቈጣሪዎቹ የደሴቱ ሰዎች ናቸው። ሣሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ተጐንብሰው እየገቡ ከጎጆ ወደ ጎጆ ይሄዳሉ፤ ያገኙትንም ቍጥር ካለፈው ዓመት ቍጥር አጠገብ ይጽፋሉ።